ቁስጥንጥንያን ማን ምን ብሎ ጠራት

ቁስጥንጥንያ የሚለውን ስም አብዛኞቻችን የምናውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ስንክሳር ሲነበብ «ሊቀ ጳጳሳት ዘቁስጥንጥንያ» ይባላል፤ የጉባኤያት ታሪክ ሲነገር ከኒቅያና ከኤፌሶን ጋር ይነሣል። ኢስታንቡልን ደግሞ በሌላ በር እናውቃታለን። ከመርካቶ ነጋዴዎች ወሬ፣ ከጃኬትና ከመጋረጃ፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ስንሄድ አውሮፕላን ከምንቀይርበት ጣቢያ። አንደኛዋ በዕጣንና በንባብ፣ ሁለተኛዋ በሻንጣና በደረሰኝ ስለመጡልን፣ አንድ ከተማ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው እንኳ ሲያወራ እንደ ሁለት ከተማ ነው የሚያወራው።

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ስለ እኛ ስም ላወራ ቢሆንም መንገዴ በአውሮፓ በኩል ሆነ። አውሮፓውያን ይህችን ከተማ የሚጠሩባቸውን ስሞች አንድ በአንድ ስከታተል፣ እያንዳንዱ ስም ያ ሕዝብ በየት በኩል ወደ ከተማይቱ እንደደረሰ የሚናገር ሆኖ አገኘሁት። በወንዝ የመጣው በወንዝ የመጣበትን፣ በጥምቀት የመጣው በጥምቀት የመጣበትን፣ ግብር ሊከፍል የመጣውም የከፈለበትን ስም ይዞ ቀርቷል። የእኛም እንዲሁ ነው፤ ግን እሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ በፊት የነበረው ስም ቢዛንጥዮን ነው። በ7ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሜጋራ ከተባለች የግሪክ ከተማ የመጡ ሰዎች የመሠረቷት ትንሽ የወደብ ከተማ ነበረች። ቆስጠንጢኖስ ግንቦት 11 ቀን 330 መርቆ የመንግሥቱ መቀመጫ ሲያደርጋት «አዲሲቱ ሮም» ተባለች፤ ሕዝቡ ግን በንጉሡ ስም ኮንስታንቲኑፖሊስ፣ የቆስጠንጢኖስ ከተማ፣ አላት። «ቢዛንታይን» የሚለው የመንግሥቱ ስም ኋላ የአውሮፓ ሊቃውንት ያወጡት ነው። በዚያ መንግሥት ሥር የኖሩት ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩት «ሮማውያን» እያሉ ነበር፤ ግሪክኛ እየተናገሩ፣ በግሪክኛ እየቀደሱ፣ ሮማውያን ነን ይሉ ነበር። ቱርኮች እስከ ዛሬ የኢስታንቡልን ግሪኮች «ሩም» የሚሏቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ግሪኮች ግን ቶሎ ብለው ሙሉውን ስም መጥራት ተዉ። ረጅም ነው፣ ደግሞም አያስፈልግም ነበር። በዚያ ዓለም ውስጥ እንደሷ ያለ ከተማ ስላልነበረ «ከተማ» ማለት ብቻ በቂ ነበር። «ኢ ፖሊ» አሏት፣ ከተማይቱ። የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰው «ከተማ ልውረድ» ሲል የትኛው ከተማ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ልክ እንደዚያ ነው። «ወደ ከተማ» ወይም «ከተማ ውስጥ» ለማለት «ኢስ ቲን ፖሊን» ይላሉ። በፍጥነት ሲነገር መጀመሪያው ይቆረጣል፣ ን እና ፖ ሲገናኙ ደግሞ የግሪክ አፍ «ምቦ» ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ የሚሰማው «ስቲምቦሊ» ነው። ኢስታንቡል የምትለዋ ቃል ከዚህ ወጣች። «ስቲም» እንዴት «ስታን» እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ሥሩ የግሪኮች የሰፈር አነጋገር ለመሆኑ ግን ብዙ ምስክር አለ።

ከምስክሮቹ የምወደው አል መስዑዲ ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት የኖረው ይህ ዓረብ ታሪክ ጸሐፊ፣ ግሪኮቹ ከተማቸውን «ቡሊን»፣ የመንግሥት መቀመጫነቷን ሲያነሡ ደግሞ «ኢስታን ቡሊን» እንደሚሏት፣ «አል ቁስጠንጢንያ» የሚሉት ግን ዓረቦች እንደሆኑ ጽፏል። ቱርኮች ከተማይቱን ከመያዛቸው 500 ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። «ቱርኮች በ1453 ስሟን ቀይረው ኢስታንቡል አሏት» የሚለውን ወሬ በትምህርት ቤትም በማኅበራዊ ሚዲያም ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ይህን ከሰው አፍ በሰማሁ ቁጥር አል መስዑዲን መጥቀስ ደስ ይለኛል። ኢስታንቡል ግሪክኛ ነው። ባላገሩ «ከተማ» ሲል መንገደኛው የሰማው።

ደግሞ ብቻውን አይደለም። ባሕረኞች የሌምኖስን ደሴት «ስታሊሜኔ» ይሉ ነበር፣ «ኢስ» የሚለው «ወደ» ከስሙ ጋር ተጣብቆ ማለት ነው። ቱርኮች የቆስን ደሴት «ኢስታንኮይ» ይሏታል። እኛን የሚነካን ደግሞ ይኸውና፦ ዛሬ ቱርክ ውስጥ በሐይቅ ዳር የተቀመጠች «ኢዝኒክ» የተባለች ትንሽ ከተማ አለች። በሰማያዊ ሸክላዋ ትታወቃለች። ኢዝኒክ ማለት «ኢስ ኒቅያ» ነው፣ ወደ ኒቅያ። ሠለስቱ ምዕት፣ 318ቱ ሊቃውንት በ325 የተሰበሰቡባት ኒቅያ። በቅዳሴ ሁሉ የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት የተጀመረባት ቦታ ዛሬ አውቶቡስ ይዞ የሚገባባት ከተማ ናት፤ ስሟም ሳይጠፋ በቱርክኛ ውስጥ ተቀምጧል።

ወደ ሰሜን እንሂድ። የስካንዲኔቪያ ሰዎች፣ ቫይኪንግ የምንላቸው፣ ከተማይቱን «ሚክላጋርድ» አሏት። «ሚክላ» ታላቅ ማለት ነው፤ «ጋርድ» ደግሞ የታጠረ ግቢ፣ ቅጥር። ታላቁ ቅጥር። ይህ ስም ስለ ቆስጠንጢኖስ ምንም አያውቅም፤ ስለ ሮምም፣ ስለ ክርስትናም አያነሣም። በጀልባ መጥቶ ከባሕር ላይ ቀና ብሎ ያየ ሰው ስም ነው፤ የሚያየውም ግንብ ነው። በ413 በዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ዘመን የተፈጸመው የየብስ በኩል ግንብ ዛሬም ብዙው ቆሞ ይታያል፣ በሥሩም ሰዎች ሰላጣና ሽንኩርት ይተክላሉ። ያን ግንብ ላየ ሰው ሌላ ስም ማውጣት አያስፈልገውም።

እነዚህ ሰዎች የመጡት ከባልቲክ ባሕር ተነሥተው በሩሲያና በዩክሬን ወንዞች ነው። በተለይ ዲኒፐር አስቸጋሪ ነበር፤ ውኃው በድንጋይ መካከል የሚንደረደርባቸው ሰባት ያህል ፏፏቴዎች ነበሩበት፣ እዚያ ሲደርሱ ጀልባውን ከውኃ አውጥተው በየብስ ይጎትቱታል። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ ሰባተኛ በ10ኛው መቶ ዓመት ለልጁ ባስጻፈው የመንግሥት ምክር ላይ የፏፏቴዎቹን ስም በሁለት ቋንቋ፣ በሩስኛና በስላቭኛ፣ ዘርዝሯል። የሩስ ያለው ስካንዲኔቪያኛ መሆኑን የቋንቋ ሰዎች አረጋግጠዋል። እንግዲህ መንገዱም እንደ መጨረሻው ሁለት ስም ነበረው።

ከመጡት መካከል ብዙዎቹ የንጉሡ ክብር ዘበኛ ሆነው ቀሩ፤ ቫራንግ ይባሉ ነበር። ኋላ የኖርዌይ ንጉሥ የሆነው ሃራልድ ሃርድራዳ በ1030ዎቹ እዚያ ወታደር ነበር። በ1066 እንግሊዝ ውስጥ ተገደለ። ስዊድን ውስጥ ደግሞ «ግሪክ አገር ሄዶ ሞተ» የሚሉ፣ ወይም ከዚያ ስለተመለሱ ሰዎች የሚያወሩ ሠላሳ ገደማ የተቀረጹ ድንጋዮች አሉ፤ ያስቀረጿቸው እናቶች፣ ሚስቶችና ወንድሞች ናቸው።

የከተማይቱን የድሮ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን፣ የአያ ሶፊያን፣ የላይኛውን ሰገነት ስጎበኝ በደቡብ በኩል ካለው የእብነ በረድ ድጋፍ ጎን ቆሜ ነበር። ብዙ ሰው ወደ ሞዛይኮቹ ያልፋል፤ ክርስቶስን፣ እመቤታችንን፣ መጥምቁ ዮሐንስን ለማየት። እኔ የፈለግሁት በእብነ በረዱ ላይ በቢላ የተጫረ ጽሑፍ ነበር። በጥቂቱ ይታያል፣ ብርሃኑ ከጎን ካልመታው አይለይም። የሰሜን ሰዎች ሩን በሚሉት ፊደል የተጻፈ ነው፤ የሚነበበው አንድ የሰው ስም ብቻ ነው፣ ሃልፍዳን። የቀረው ተፍቋል። ጽሑፉ መሆኑ የታወቀው በ1964 ነው። በዚያ ሰገነት ቅዳሴው ረዝሞበት ወይም ዘብ ቆሞ የሰለቸው አንድ ወታደር ስሙን ጫረ። በእሱ አፍ ከተማይቱ ሚክላጋርድ ነበረች፤ ከሥሩ ያለው ቄስ ኮንስታንቲኑፖሊስ ይላል፤ በር ላይ ዓሣ የሚሸጠው «ከተማ» ይላል። ሦስቱም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጣሪያ አጠገብ። አይስላንዶች ዛሬም ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ሚክሊጋርዱር ነው የሚሉት።

ስላቮች ደግሞ «ጻሪግራድ»፣ ሩሲያኖች «ጻርግራድ» አሏት። «ግራድ» ከሰሜኖቹ «ጋርድ» ጋር ከአንድ ጥንታዊ ሥር የወጣ ነው፣ እሱም ቅጥር ነበረ፣ ኋላ ከተማ ሆነ። «ጻር» ግን ከላቲኑ ቄሳር የመጣ ነው፤ የጀርመን ካይዘርም እዚያው ይመደባል። ጻሪግራድ ማለት እንግዲህ የቄሳር ከተማ ነው። ሰሜኖቹ ግንቡን አዩ፣ ስላቮች ከግንቡ ኋላ የተቀመጠውን ንጉሥ አዩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ስላቮች ከከተማይቱ ጋር ጎረቤት ነበሩ፣ ይዋጉ ነበር፣ ይታረቁ ነበር፣ ሃይማኖታቸውንም ከእሷ ተቀበሉ። የኪየቭ መስፍን ኦሌግ በ907 ዘምቶ ጋሻውን በጻርግራድ በር ላይ እንደሰቀለ የጥንት ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። ከዚያ 80 ዓመት ቆይቶ በ988 ሌላው የኪየቭ መስፍን ቭላድሚር ተጠመቀ፤ ጥምቀቱም የመጣው ከዚሁ ከተማ ነው። ጋሻውም ማዕተቡም በአንድ ስም ሥር ተቀምጠዋል።

ይህ ስም ሞቷል ያለ ሰው ሶፊያ ይሂድ። ከቡልጋሪያ ዋና ከተማ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው ሰፊ ጎዳና «ጻሪግራድስኮ ሾሴ» ይባላል፣ የጻሪግራድ አውራ ጎዳና። አውቶቡሱ፣ ሜትሮው፣ የገበያ አዳራሹ ሁሉ በዚህ ስም ነው አቅጣጫ የሚነገረው። ዛሬ ቡልጋሪያዊ ስለ አሁኗ ከተማ ሲያወራ «ኢስታንቡል» ይላል፤ ጎዳናው ግን የድሮውን ስም ያዘ። ከሁሉ የሚያስደንቁኝ ስሎቬኖች ናቸው። ከከተማይቱ ሩቅ ናቸው፣ ሃይማኖታቸው ካቶሊክ ነው፣ በቄሳሮቿ ሥር አልኖሩም። ሆኖም እስከ ዛሬ ለበጋ ዕረፍት ሲሄዱ እንኳ «ጻሪግራድ እንሄዳለን» የሚል ታገኛለህ።

ሮማንያም የሚነገር ነገር አላት። ሮማኒያኛ የላቲን ልጅ ነው፤ የጣልያንኛ ዘመድ። በደም ቢሄድ «ኮንስታንቲኖፖል» ብቻ ማለት ነበረበት፣ ለጥንቱ ታሪክም ይለዋል። በድሮ ታሪኮቹና በሕዝብ ግጥሙ ግን ከተማይቱ «ጻሪግራድ» ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ለረጅም ዘመን በስላቭኛ ስትቀድስ፣ ቤተ መንግሥቱም በስላቭኛ ሲጽፍ ስለኖረ ስሙን ከዚያ ወሰደ። ኋላ ደግሞ የዋላኪያና የሞልዳቪያ መኳንንት ለኦቶማኑ ሱልጣን ገባር ሆኑ፤ በ18ኛው መቶ ዓመት ገዥዎቻቸው ራሳቸው ከኢስታንቡል ከፌነር ሰፈር የሚላኩ ግሪኮች ነበሩ። ስለዚህ በሮማንያ አፍ ጻሪግራድ ማለት ግብር የሚሄድበት፣ ሹመት የሚመጣበት፣ የተጠራ መስፍን አንዳንዴ የማይመለስበት ቦታ ነው። በቡልጋሪያ አፍ ካለው ጻሪግራድ ጋር ፊደሉ አንድ ሆኖ ሸክሙ ሌላ ነው።

ሀንጋሪዎች «ኮንስታንቲናፖይ» ይላሉ። የግሪኩ «ፖሊስ» በሀንጋሪኛ «ፖይ» ሆኖ ቀረ፤ የጣልያኗን ኔፕልስንም «ናፖይ»፣ የዛሬዋን ኤዲርኔ «ድሪናፖይ» ይሏታል። በ1453 ለኦቶማኑ ሱልጣን ለመሐመድ ዳግማዊ ግንቡን ያፈረሰውን ታላቅ መድፍ የሠራው ኦርባን የተባለ ሀንጋሪ መሆኑን ሳስብ፣ ስሙን በልጅነቱ በዚህ አጠራር ሰምቶት ይሆን እላለሁ።

ምዕራቡ ብዙ አያቆየንም። ኮንስታንቲኖፕል፣ ኮስታንቲኖፖሊ፣ ኮንስታንቲኖፕላ፣ ኮንስታንቲኖፔል፤ እንግሊዙ፣ ፈረንሳዩ፣ ጣልያኑ፣ ስፔኑ፣ ጀርመኑ ሁሉም ከላቲን መጽሐፍ ገልብጠው ለየአፋቸው አመቻችተውታል። የጸሐፊ ስም ነው፤ ያገሩ አየር አልነካውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ19ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዮችና እንግሊዞች ሁለት ስም ይዘው ነበር። ሙሉው ከተማ ኮንስታንቲኖፕል፣ በግንብ የታጠረው የእስላሞቹ ሰፈር ግን «ስታምቡል»። ኤምባሲያቸውና ሆቴላቸው ያለበት ማዶ «ፔራ» ይባል ነበር፤ ግሪክኛ ነው፣ ማዶ ማለት ነው። ከማዶ ሆነው ሲያዩ ቱርኩ የሚኖርበት ስታምቡል፣ እነሱ የሚኖሩበት ኮንስታንቲኖፕል ሆነ። ይህን አከፋፈል አልወደውም። ፖላንዶች ደግሞ «ስታምቡው» ብለው ዛሬም ለሙሉው ከተማ ይጠሩበታል፣ በእነሱ አፍ ምንም ንቀት የለበትም።

ካርታ ላይ የማይገኙ ሁለት ስሞች አሉ፣ እነሱን ሳላነሣ አላልፍም። የከተማይቱ አርመኖች «ቦሊስ» ይሏታል፣ ከግሪኩ «ፖሊስ»። የቦሊስ ልጅ ነኝ ማለት ለእነሱ ከመላው አርመን የሚለይ ነገር ነው፤ በአነጋገራቸው፣ በምግባቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ይታወቃል። ከስፔን በ1492 ተባርረው የመጡት አይሁድ ደግሞ ባሳተሟቸው የዕብራይስጥ መጻሕፍት የመጀመሪያ ገጽ ላይ የታተመበትን ከተማ «ቁሽታ» ብለው ጻፉ። ረጅሙ ቁስጠንጢና ነው ተቆርጦ ቁሽታ የሆነው። በአራማይክ ቁሽታ እውነት ማለት ነው። ከአገር የተባረረ ሕዝብ ማተሚያውን ይዞ መጥቶ ሥራ የጀመረበትን ቦታ በዚህ ቃል ሲጽፍ፣ ሁለተኛው ትርጉም በጆሮው አላለፈም ብዬ አላምንም።

ኦቶማኖቹ ራሳቸው ስሙን አላጠፉትም። መሐመድ ዳግማዊ «የሩም ቄሳር» የሚል ማዕረግ ወስዷል፤ በመንግሥት ሰነድና በሳንቲም ላይ የሚጻፈው «ቆስጠንጢንዬ» ነበር፣ ከዓረብኛው የተወሰደ። ሕዝቡ ኢስታንቡል ይል ነበር። አንዳንዱ «ኢስላምቦል» ብሎ ትርጉም ሊሰጠው ሞከረ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ሳንቲም ላይም ታትሞ ወጥቷል። ሌላው «ደርሰዓዴት»፣ የደስታ በር፣ ይላታል። የሚከለክል አልነበረም። መንግሥት አንዱን ስም ብቻ ጥሩ ያለው ሪፐብሊኩ ከመጣ በኋላ ነው። ዋና ከተማው በ1923 አንካራ ሆነ፣ ፊደሉ በ1928 ወደ ላቲን ተቀየረ፣ በ1930 ደግሞ የቱርክ ፖስታ የውጭ አገር ሰዎች የየራሳቸውን ስም ትተው ኢስታንቡል ብለው እንዲጽፉ ጠየቀ። በፖስታ ጀምሮ በጋዜጣ፣ በካርታ፣ በመርከብ ቲኬት ተለመደ። በ2022 አገሩ ራሱ በተባበሩት መንግሥታት «ቱርኪዬ» ተብሎ እንዲጠራ ሲጠይቅ ያው ሐሳብ ነው የቀጠለው።

ይህን ጥያቄ እረዳዋለሁ፣ ትክክልም ይመስለኛል። የስም ጠብ ባዶ ጠብ አልነበረም። በ1915 ብሪታንያና ፈረንሳይ ከሩሲያ ጋር በምስጢር ተስማምተው ከድሉ በኋላ ከተማይቱን ለሩሲያ ሊሰጡ ነበር፤ ስምምነቱን በ1917 ያወጡት ቦልሼቪኮቹ ናቸው። በዚያ ዘመን ሩሲያ ውስጥ «ጻርግራድ» ማለት ታሪክ መጥቀስ አልነበረም፣ የእኔ ናት ማለት ነበር። ግሪክ ውስጥም «ከተማይቱን እንመልሳለን» የሚለው ሕልም ብዙ ደም አስከፍሏል። ሰው ቤትህን በሌላ ስም ሲጠራብህ ቁልፍ እየጠየቀህ ሊሆን ይችላል። ግሪኮች ግን በዜናቸውም በቤታቸውም ዛሬ ድረስ ኮንስታንዲኑፖሊ ይላሉ፤ ፌነር ያለው ፓትርያርክም ማዕረጉ «የቁስጥንጥንያ፣ የአዲሲቱ ሮም ሊቀ ጳጳስ» ነው። አያቷ እዚያ የተቀበረችላትን አሮጊት «ከተማይቱ» አትበይ የሚላት ሰው እንዳይኖር እመኛለሁ።

አሁን ወደ እኛ። በግእዝ ንጉሡ ቈስጠንጢኖስ ነው፣ መጨረሻው «ኖስ» ከግሪኩ «ኖስ» ጋር ይገጥማል። ከተማይቱ ግን ቁስጥንጥንያ ናት። «ፖሊስ» የለባትም፤ «ንያ» የሚለው መጨረሻዋ ከዓረቦቹ «ቁስጠንጢንያ» ጋር ነው የሚገጥመው። ይህን ሳስተውል ለረጅም ጊዜ ገረመኝ። አክሱም ከዚያ ቤተ መንግሥት ጋር በቀጥታ የተገናኘችበት ዘመን ነበር፤ አፄ ካሌብ በ525 አካባቢ ወደ የመን ሲዘምት ከንጉሥ ዮስጢኖስ ጋር ተባብሮ ነው፣ ጥቂት ቆይቶም የዮስጢንያኖስ መልእክተኛ አክሱም መጥቷል። ያን ጊዜ የመጣው ቃል ግሪክኛ ነበር። በኋላ ግን ስንክሳሩን ጨምሮ ብዙ መጻሕፍት ወደ ግእዝ የተመለሱት ከዓረብኛ ነው፣ በግብፅ በኩል። የከተማይቱ ስም ይህን ሁለተኛውን መንገድ ይዞ ቆሟል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ስመ መንግሥቱ ቈስጠንጢኖስ ነበር፤ ቁስጥንጥንያ በቱርኮች እጅ ስትወድቅ በዙፋኑ ላይ ነበር፣ እዚያ ግንብ ላይ የሞተውም የመጨረሻው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ይባል ነበር። ሃሌታና ዝማሬው ሳይቀር፣ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ስናከብር፣ መስቀልን ከእሌኒ ጋር ስናነሣ፣ በ381 የተሰበሰቡትን 150ውን ሊቃውንት ስንጠቅስ ይህች ከተማ በአፋችን አለች።

አንድ ቀን ከኤሚኖኑ ጀልባ ተሳፍሬ ወደ ካድኮይ ተሻገርኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፣ ሰዎች ሻይና ቀለበት የመሰለ ሰሊጥ ዳቦ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ለወፎቹ ይቆርሳሉ። ካድኮይ ማለት የቃዲ መንደር ነው። ዓሣ ገበያ፣ ቡና ቤት፣ የተማሪ ብዛት። ሄሮዶቱስ ስለ እሷ አንድ ታሪክ ጽፏል። የፋርስ ጄኔራል ሜጋባዞስ፣ የዚህች ሰፈር ሰዎች ከማዶኞቹ፣ ከቢዛንጥዮን ሰዎች፣ 17 ዓመት ቀድመው መጥተው ያን የተሻለ ቦታ ትተው እዚህ መስፈራቸውን ሲሰማ «ዕውር ነበሩ ማለት ነው» አለ። ያ «የዕውራን» አገር የጥንት ስሙ ኬልቄዶን ነው። አዎ፣ በ451 ጉባኤ የተደረገባት፣ ቤተ ክርስቲያናችን ያልተቀበለችው፣ ስንት ሊቅ የተከራከረባት ኬልቄዶን። ከጀልባው ወርደህ በገበያው መካከል ስትሄድ ቅድስት ኦፎምያ የምትባል የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ጉባኤው የተደረገው በእሷ ስም በነበረ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነበር። አጠገቧ ቆሜ የልጅነት የአብነት ትምህርት ቤት ጓደኛዬን ስልክ ደወልኩለት። አሁን ቄስ ነው።

«የት ነኝ በል፣ አባቴ?»

«ቱርክ ነህ አሉ።»

«ኬልቄዶን ነኝ።»

ዝም አለ። ከዚያ «ውጣ ከዚያ!» ብሎ ሳቀ፤ ወዲያውም ቁም ነገር ሆኖ ቦታው እንዴት ነው፣ ባሕር አለው ወይ፣ ከቁስጥንጥንያ ምን ያህል ይርቃል ብሎ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ሃያ ደቂቃ በጀልባ ስለው «እኔ እኮ የቀናት መንገድ ይመስለኝ ነበር» አለ። ዕድሜ ልኩን ስላስተማረው ቦታ ነው የጠየቀኝ።

ለዚህ ነው በአማርኛ የሚጽፉትንና የሚተረጉሙትን አንድ ነገር የምለምናቸው። በቅርብ ጊዜ በወጡ የትርጉም መጻሕፍትና ጽሑፎች «ኮንስታንቲኖፕል»፣ «ናይሲያ»፣ «ካልሴዶን» የሚሉ ስሞች እየበዙ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ያለው ተነብቦ እንደተነበበ ወደ ፊደላችን ይገባል። «በካልሴዶን ጉባኤ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ወጣት፣ አያቱ ሲነግሩት ካደገው ከኬልቄዶን ጋር በምን ያገናኘዋል? ከተማይቱን ከድሮ ጀምሮ በራሳችን አፍ ጠርተናታል፤ የእነሱ ስም በላቲን መጽሐፍ በኩል የሄደበትን መንገድ ይናገራል፣ የእኛን መንገድ አይናገርም። ስሎቬኑ ጻሪግራድ ሲል ማንም አላረመውም።

እኔ ስጽፍ ለአሁኗ ከተማ ኢስታንቡል እላለሁ፣ ነዋሪዎቿ የሚሏት ስለሆነ። ከ1453 በፊት ላለው ቁስጥንጥንያ። ለኦቶማን ዘመን ሁለቱንም እንደ አገባቡ እጠቀማለሁ፣ እነሱም ሁለቱንም ይሉ ስለነበር። ኒቅያን ስጠቅስ «ዛሬ ኢዝኒክ»፣ ኬልቄዶንን ስጠቅስ «ዛሬ የኢስታንቡል ክፍል የሆነችው ካድኮይ» ብዬ አንድ ጊዜ አስገባለሁ። ሁለት ቃል ነው የሚጨምረው፣ ማንኛውም አርታኢ ሊያስገባው ይችላል፤ የትምህርት መጻሕፍት አዘጋጆችም ከዚህ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል።